የአህያ ሐቅ



 

የዛሬው ርእሴ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል። በአገራችን «አህያ» የሚለው ስም እንስሳውን ከሚጠራበት ጊዜ ይልቅ ሰው የሚሰደብበት ጊዜ ሳይበዛ አይቀርም። ልጅ ትምህርት ሲከብደው በዚህ ስም ይጠራል፤ ሠራተኛ ሲሳሳት በዚህ ስም ይዘለፋል። ስሙ ስድብ የሆነ ፍጡር ሐቅ አለው ሲባል የሚስቅ ሰው ቢኖር አያስደንቅም።

ነገር ግን ስለ ሐቅ ከተላለፉልን ትምህርቶች ከታላላቆቹ አንዱ የተሰጠው በአህያ ጀርባ ላይ መሆኑን እናስታውስ። ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኋላ ተፈናጠው ሳለ ነበር አላህ በባሮቹ ላይ ያለው ሐቅ ምን እንደሆነ፣ ባሮቹም በአላህ ዘንድ ያላቸው ሐቅ ምን እንደሆነ የተነገራቸው። የተፈናጠጡትም ኡፈይር በሚባል አህያ ላይ ነበር። ቡኻሪ የዘገቡት ይህ ሐዲስ የአህያውን ስም ሳይቀር አቆይቶልናል። የፍጡራን ሁሉ በላጭ የተቀመጡበትን፣ ስሙም ተጠብቆ እኛ ዘንድ የደረሰውን እንስሳ መናቅ ከየት የመጣ ልማድ ነው?

«ቁርአን ራሱ የአህያን ድምፅ አስቀያሚ ብሎት የለም ወይ?» የሚል ሊኖር ይችላል። አዎን፣ በሱረቱ ሉቅማን የአህያ ድምፅ ተጠቅሷል። ምክሩ የተሰጠው ግን ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ ለታዘዘው ለሰው ልጅ ነው። በሱረቱል ጁሙዓም መጻሕፍት የተሸከመ አህያ ምሳሌ ሆኖ ቀርቧል። የተወቀሰው አህያው ሳይሆን ዕውቀት ተሸክሞ ያልሠራበት ሰው ነው። በሁለቱም ቦታ ትምህርቱ ለእኛ ነው፤ እኛ ግን ትምህርቱን ትተን ዱላውን አነሳን።

በዚህ ጽሑፍ ላስተላልፍ የምሻው መልእክት አንድ ነው። የተጎዳን አህያ ጭነቱን አውርዶ መልቀቅ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ሐቁ የሚሟላው ቁስሉ ሲሽርና፣ ከዚያም አልፎ የሰው እጅ ሲዘረጋለት መበርገጉን ሲተው ነው።

ባለ ውለታችን ማን ነው?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ነሕል ጸጋዎቹን ሲዘረዝር፣ እንስሳት ነፍስን በማስጨነቅ ካልሆነ ልንደርስበት ወደማንችለው አገር ሸክማችንን እንደሚያደርሱልን ይነግረናል። ቀጥሎም ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን በስማቸው ጠርቶ እንድንቀመጣቸውና ጌጥም እንዲሆኑልን እንደፈጠራቸው ያስታውቃል። ጌጥ! ለመሆኑ ከእኛ መካከል አህያን እንደ ጌጥ አይቶ የሚያውቅ ማን ነው?

ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ብዙ አህያ ካላቸው አገሮች ቀዳሚዋ ናት፤ ቁጥራቸው ከ8 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። የአህያ ዘር መገኛም ይኸው የእኛው አካባቢ ነው። በዘር ቅንጣት ላይ የተደረገና በ2022 (በአውሮፓውያን) የወጣ ጥናት፣ አህያ ከሰው ጋር መኖር የጀመረው ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ አመልክቷል። የዱር ዘመዱም ቁጥሩ እጅግ ተመናምኖ እስከ ዛሬ በአፋር በረሃ ይገኛል። ይህ እንስሳ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ አይደለም፤ የጥንት ጎረቤታችን ነው።

የአዲስ አበባ ሰው ማለዳ መርካቶ እህል በረንዳ ብቅ ቢል ይህን ውለታ በዓይኑ ያያል። የምንበላው ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ከበረንዳው ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ ከወፍጮ ቤቱም ወደየሰፈሩ ሲጓዝ የኖረው በአህያ ጀርባ ነው። አብዛኞቹ የአገራችን አህዮች የራሳቸው ክብደት ከአንድ ኩንታል ብዙም አይበልጥም። የእንስሳት ሐኪሞች አንድ አህያ የክብደቱን ሲሶ ያህል ቢሸከም መልካም ነው ይላሉ። እኛ ግን ሙሉ ኩንታል ጭነንበት፣ ያም አልበቃ ብሎን በላዩ ላይ ፌስታልና ጀሪካን እናንጠለጥልበታለን።

ከከተማ ራቅ ስንል ደግሞ ውለታው ይበልጥ ይጎላል። ከሚዛን ተነስቶ በጀሙ በኩል ወደ ማጂ የሚጓዝ ሰው፣ ከሱረቱ አን-ነሕል ያነበበውን በመንገዱ ላይ ያገኘዋል። ማጂ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በምዕራብ ኦሞ ዞን ውስጥ ያለች፣ ከደጋው አናት ሆና የኦሞን ቆላ ቁልቁል የምታይ ጥንታዊ ከተማ ናት። መኪና እንደልብ ከመግባቱ በፊት ከጅማ አቅጣጫ የሚመጣው ሸቀጥና ከዚያ የሚወጣው ምርት የሚጓጓዘው በአጋሰስ ነበር። ዛሬም መንገዱ በክረምት ጭቃ ሲሆን፣ መኪና የቆመበትን ዳገት የሚወጣው ባለአራት እግሩ ነው። ያም ባይኖር የሴቶች ጀርባ ነው።

ለአህያው ግን ያ አገር ቀላል አይደለም። በኦሞና በገባሮቹ ሸለቆዎች የገንዲ በሽታን የሚያስተላልፈው ዝንብ አለ። ከደጋው ጭኖ ወደ ቆላው የወረደ አህያ በዚህ ዝንብ ከተነደፈ ደሙ እያነሰ፣ ሥጋው እየሟሸሸ ይሄዳል። ጌታው በሽታውን ሳያውቅ «ሰነፈ» ይለዋል። ለስንፍና የሚታዘዘው መድኃኒት ደግሞ ዱላ ነው። የታመመ ፍጡር በመታመሙ ይደበደባል ማለት ነው። ሱብሃነላህ!

በየመንገዱ የተተዉት

የጭነት ነገር የመጨረሻ ምዕራፉ ገጣባ ነው። መደላድሉ የሳሳ ወይም የተበላሸ ከሆነ፣ ገመዱ ቆዳውን እየፈተገ፣ ጭነቱ አከርካሪውን እየተጫነ ጀርባውን ይልጠዋል። ዝንብ ያርፍበታል፣ ቁራ ይቆነጥረዋል፤ በማግስቱ ያው ጭነት በዚያው ቁስል ላይ ይጫናል። አንዳንዱ ሰው ሊያክመው ሲያስብ በጋለ ብረት ይተኩሰዋል። ይህ በቁስል ላይ ሌላ ቁስል መጨመር እንጂ ሕክምና አይደለም።

ከዚያ አንድ ቀን መነሳት ያቅተዋል። ያን ጊዜ ጭነቱ ወደ ሌላ አህያ ይዛወርና እሱ በመንገድ ዳር ይተዋል። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለው ተረት የሚፈጸመው በዚያች ሌሊት ነው። ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ መኖር የሚችል እንስሳ፣ በአግባቡ ሲያዝም ሠላሳውን ሊያልፍ የሚችል ፍጡር፣ ገና በወጣትነቱ በዚህ ሁኔታ ያበቃል።

ሸሪዓችን ምን ይላል?

በዚህ ረገድ ኢስላም ዝም አላለም፤ እኛ ነን ዝም ያልነው። ጃቢር (ረ.ዐ) እንደተናገሩትና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊቱ ላይ በእሳት ምልክት የተደረገበት አህያ አልፎ ቢያዩ ያን ያደረገውን ሰው ረግመዋል። ለዓለም እዝነት ሆነው የተላኩት ነቢይ እርግማን ያወጡት በአህያ ፊት ምክንያት መሆኑን ልብ እንበል።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአንሷሮች ወደ አንዱ የአትክልት ቦታ ገቡ። በዚያ የነበረ ግመል ባያቸው ጊዜ አቃሰተ፤ ዓይኖቹም እንባ አቀረሩ። ወደ እሱ ተጠግተው ከጆሮው ኋላ ዳበሱት፤ ግመሉም ጸጥ አለ። ከዚህ በኋላ ነው ባለቤቱን ጠርተው፣ አላህ በእጁ ባደረገው እንስሳ ጉዳይ አላህን እንዲፈራ የገሠጹት፤ ግመሉ ይራባል፣ ይደክማልም ብሎ ከሶታልና። ቅደም ተከተሉን እናስተውል። ወቀሳው ከመምጣቱ በፊት እጃቸው ቀድሞ ደርሷል። ከሁሉ አስቀድሞ የተፈራውን ፍጡር አረጋጉት።

ሶሓቦችም ይህን በተግባር ተርጉመውታል። አነስ (ረ.ዐ) እንደነገሩን፣ በጉዞ ላይ ሲያርፉ ከእንስሶቻቸው ጭነት ሳያወርዱ በፊት ትርፍ ሶላት አይሰግዱም ነበር። እዚህ ላይ መርካቶን እናስባት። የዙህር አዛን ሲሰማ ጭነት የተሸከመ አህያውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ወደ መስጊድ የሚሮጥ ወንድማችን ሶላቱን በመውደዱ አጅሩን ይመንዳው። ነገር ግን ከበር ላይ የተወው ጭነት የእንስሳው ሐቅ መሆኑን ማን ይንገረው?

ኋላ የመጡት መሪዎችና ዑለማዎችም በዚሁ ጎዳና ሄደዋል። ከ99 እስከ 101 ዓመተ ሂጅራ የገዙት ኸሊፋ ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ በግብጽ ግመሎች 1,000 ረጥል እንደሚጫኑ ሰምተው፣ ከ600 ረጥል በላይ እንዳይጫን ደብዳቤ እንደጻፉ ተዘግቧል። አል-ማወርዲ (450 ዓ.ሂ የሞቱ) የገበያ ተቆጣጣሪው ባለቤቶች እንስሳትን ከአቅማቸው በላይ እንዳያሠሩ መከልከል እንዳለበት ጽፈዋል። ዒዙዲን ኢብኑ ዐብዱሰላም (660 ዓ.ሂ የሞቱ) ደግሞ የእንስሳት ሐቅ በሰው ላይ ምን እንደሆነ ሲዘረዝሩ፣ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ጥቅም የማይሰጥ ቢሆንም እንኳ ቀለቡ በባለቤቱ ላይ ግዴታ እንደሆነ አስቀምጠዋል። ይህ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ፍርድ በየመንገዱ ዳር የሚተዉትን አህዮች ይመለከታል። ጥቅሙ ሲያልቅ ሐቁ አያልቅም!

የማጂዋ አህያ

ባለፈው ዓመት በሥራ ምክንያት ወደ ማጂ ተጉዤ ሳለ ከአንድ አዛውንት ነጋዴ ጋር ተዋወቅሁ። በግቢያቸው ሁለት አህዮች ነበሩ። አንደኛዋ ጀርባዋ ላይ መዳፍ የሚያህል ጠባሳ አለባት፤ ጸጉሩ ነጭ ሆኖ በቅሏል። ከቆላ ገበያ የሚመለሱ ጫኞች ጥለዋት ሄደው፣ ሌሊት ጅብ ሳያገኛት ወደ ግቢያቸው ያስገቧት እሳቸው ነበሩ።

«ልጄ፣ ቁስሉስ ቀላል ነበር» አሉኝ። ውኃ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ ጥቂት ጨው ጨምረው በንጹሕ ጨርቅ ያጥቡላት ነበር። ዝንብ እንዳያርፍበት ጥላ ሥር አስቀመጧት። በቀበሌው ያለ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠርተው የገንዲና የሆድ ትል መድኃኒት በልኩ አሰጧት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ እህል አልሰጧትም። ድርቆሽና ውኃ፣ ከዚያ ትንሽ ፉርሽካ፣ ከዚያ ትንሽ ጨመር እያደረጉ ነበር። በሁለተኛው ወር ቁስሉ ጠገገ።

ያስቸገራቸው ፍርሃቷ ነበር። ሰው ሲያልፍ ጥግ ትይዛለች፤ እጅ ሲነሳ ዓይኗን ትጨፍናለች። ውኃ ጠምቷት እንኳ ሰው ካጠገቡ ካለ አትጠጣም። አንድ ቀን እሳቸው ራሳቸው የሚደገፉበትን ከዘራ ስታይ ጉልበቷ ሲብረከረክ ተመለከቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዘራቸውን የግቢው በር ላይ እያስቀመጡ መግባት ጀመሩ። ለእርጅናቸው ድጋፍ የሆነውን ዱላ ለአንዲት አህያ ሲሉ ተዉት።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ መኖዋን ካስቀመጡ በኋላ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ይቀመጣሉ። ሙስበሓቸውን ይዘው ዚክራቸውን ያደርጋሉ። አይጠሯትም፤ አይጠጓትም። ድምፃቸውን ብቻ ትሰማለች። ከቀናት በኋላ ድንጋዩን አንድ እርምጃ ያቀርቡታል። እሷ ከራቀች እነሱም አይከተሏትም። ጎረቤታቸው ደግሞ ገራም የሆነች አሮጊት አህያ አዋሳቸው። አዲሷ አህያ አሮጊቷ ከሰው እጅ ስትበላ እያየች ነገሩን ታጠናለች።

በስድስተኛው ሳምንት ገደማ አንድ ምሽት እሳቸው ዚክር ላይ ሳሉ ትከሻቸው ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተሰማቸው። ዞር አላሉም። አፍንጫዋን ኩታቸው ላይ አሳርፋ ቆየች፤ ከዚያ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አንገቷን፣ ቀጥሎ ትከሻዋን፣ በመጨረሻም ጆሮዋን መዳበስ ቻሉ። እግሯን አንስተው ሰኮናዋን ለማየት ግን ሌላ ሁለት ወር ፈጀባቸው።

«አባባ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ አህያ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ» አሉኝ «ያቆሰልኳት እኔ አይደለሁም። እሷ ግን እኔንና ያንን ሰውዬ አትለይም። እሷ የምታውቀው የሰውን እጅ ነው። እጁ ደግሞ የሁላችንም ነው።»

ይህን አባባል ከማንኛውም ንግግር አስበልጬ ይዤው መጥቻለሁ። አንዱ ሲያቆስል የተበላሸው የሁሉም ሰው ስም ነው። ስለዚህ አንዱ ሲያክምም የሚያክመው ለሁሉም ነው።

ባለሙያዎቹ ከሚሉት ጋር

እኚህ አዛውንት በተፈጥሮ አስተዋይነት የደረሱበት ነገር ሐኪሞቹ ከሚሉት ጋር ይስማማል። «ዘ ዶንኪ ሳንክችዋሪ» የተሰኘው የአህዮች ረድኤት ድርጅት በእንግሊዝ አገር በዶክተር ኤሊዛቤት ስቬንድሰን በ1969 (በአውሮፓውያን) የተቋቋመ ነው። ወደ አገራችንም ገብቶ በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) ከእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቱ ጋር ሠርቷል። በመርካቶም የጭነት አህዮችን ሲያክም ቆይቷል። በ1987 ደግሞ ነዋሪዎቿ በአብዛኛው ሙስሊሞች በሆኑባት በኬንያዋ ላሙ ደሴት የአህያ መጠለያና ክሊኒክ ከፍቷል። ላሙ መንገዶቿ ጠባብ በመሆናቸው ጭነት የሚመላለሰው በአህያ ነው። በዚያ አህያውን ከሁሉ አሳምሮ የያዘ ሰው የሚሸለምበት ውድድር ይደረጋል። የሱረቱ አን-ነሕል «ጌጥ» እዚያ ትርጉም አግኝቷል ማለት ይቻላል።

ባለሙያዎቹ ከሚያስተምሩት ውስጥ ሁላችንም ልናውቀው የሚገባ ጥቂቱን ላቅርብ።

አንደኛ፣ አህያ ሕመሙን ይደብቃል። ፈረስ ሲያመው ይንከባለላል፣ ይራገጣል። አህያ ግን ጭልጥ ብሎ ይቆማል። ዝም ያለ አህያ ሁልጊዜ ደህና አይደለም፤ መኖ ከተወ ደግሞ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። የተራበ ወይም የተጨነቀ አህያ መብላት ሲያቆም ከሰውነቱ የተለቀቀው ስብ በደሙ ውስጥ ይበዛና ጉበቱን ይጎዳዋል፤ ይገድለዋልም።

ሁለተኛ፣ «እልኸኛ» የምንለው ጠባዩ እልኽ አይደለም። ፈረስ ሲፈራ ይሮጣል። አህያ ግን የድንጋያማ በረሃ ፍጡር ነውና ሲፈራ ቆሞ ያጤናል። ድልድይ ላይ ወይም ጎርፍ ፊት ሲቆም «እስቲ ልየው» ማለቱ ነው። በዚያች ቅጽበት ብትመታው፣ ከፊቱ ባለው አደጋ ላይ ከኋላ ሌላ አደጋ ትጨምርበታለህ።

ሦስተኛ፣ አህያ ጓደኛ ይይዛል። ጓደኛው ሲለየው መብላት እስከ ማቆም ይደርሳል። ስለዚህ ለማገገም የገባን አህያ ብቻውን ማሰር ሕክምናውን ማዘግየት ነው።

አራተኛ፣ አይረሳም። ክፉውንም ደጉንም ይይዛል። በዚህም ምክንያት ተማምኖ የቀረበን አህያ አንዴ መምታት የብዙ ሳምንት ሥራን ያፈርሳል። የሚያሠለጥነው ሰው አንድ ቢሆን፣ ሰዓቱም ቢታወቅ፣ ልምምዱ አጭር ቢሆንና እንስሳው ሳይሰለች ቢያበቃ ይመረጣል። ከኋላ አይቀረብም፤ ጆሮው በመጀመሪያ አይያዝም።

ይህ ሁሉ አዲስ ነገር ይመስለናል። ነገር ግን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያልተገራ ግመል ተቀምጠው ወዲያና ወዲህ ሲመልሱት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በለስላሳነት እንዲይዙት መክረዋቸዋል። ሙስሊም የዘገቡት ይህ ሐዲስ ለስላሳነት የገባበትን ነገር ሁሉ እንደሚያሳምር፣ የተነጠቀውን ሁሉ ደግሞ እንደሚያጎድፍ ያስተምራል። ብዙ ጊዜ ይህን ሐዲስ ለትዳርና ለዳዕዋ እንጠቅሰዋለን። መነሻው ግን እንስሳን ስለ መግራት ነበር።

«ሰው እየተራበ ስለ አህያ?»

ይህ ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ጥያቄው ከቅንነት የመነጨ ከሆነ መልስ ይገባዋል። በመጀመሪያ፣ የድሃውን ቤት የሚያቆመው ይኸው አህያ ነው። በማጂ ተራራም ሆነ በመርካቶ አህያው በወደቀ ማግስት እንጨቱንና ውኃውን፣ እህሉንና ቡናውን የሚሸከመው የእናትና የልጅ ጀርባ ነው። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ለአህያ ማዘን ከሰው የተቀነሰ እዝነት አይደለም።

ሁለተኛ፣ አላህ ዘንድ የሚያስጠይቀን የዕዳው ዓይነት ነው። ሰውን ብንበድል «ዐፉ በለኝ» ብለን እግሩ ላይ ልንወድቅ እንችላለን። አህያን ግን በምን ቋንቋ ይቅርታ እንጠይቀዋለን? ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ በትንሣኤ ቀን ሐቅ ሁሉ ለባለቤቱ እንደሚመለስና ቀንድ የሌላት በግ እንኳ ከቀንዳሟ ሐቋን እንደምታገኝ ተነግሮናል። በእንስሳት መካከል ያለው ሐቅ እንኳ ካልታለፈ፣ በአእምሮ የተከበረው ሰው በአፍ አልባው ላይ የሠራው እንዴት ይታለፋል?

በሱረቱል በቀራም አላህ ሙታንን እንዴት እንደሚያስነሳ ለአንድ ባሪያው ሊያሳየው በፈቀደ ጊዜ፣ ከመቶ ዓመት ሞት ቀስቅሶ ወደ አህያው እንዲመለከት አዞታል። አጥንቶቹ ተነስተው ሲገጣጠሙና ሥጋ ሲለብሱ ያ ሰው በዓይኑ አየ። የትንሣኤ ማስረጃ ሆኖ የቀረበን እንስሳ፣ እኛ አጥንቱን በየመንገዱ ስንበትነው አያሳፍርም?

ቆዳው ሲፈለግ

በዘመናችን ለአህያ ሌላ ፈተና መጥቶበታል። በቻይና ከአህያ ቆዳ ተቀቅሎ የሚሠራ «ኤጂያኦ» የተባለ ባህላዊ መድኃኒት ተፈላጊነቱ ጨምሯል። በዚህ የተነሳ የዚያ አገር አህዮች ተመናምነው ዓይን ወደ አፍሪካ ዞረ። ቢሾፍቱ ላይ ተከፍቶ የነበረው የአህያ ቄራ ሕዝብ በመቃወሙ በ2009 ዓ.ም (በአውሮፓውያን 2017) ተዘጋ። በየካቲት 2016 ዓ.ም (2024) ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳው ማረድ በአህጉሩ ለ15 ዓመት እንዲታገድ ወስነዋል።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በኸይበር ዘመቻ የቤት አህያ ሥጋ እርም ሲደረግ፣ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመጣው ሰው አቤት ያለው «አህዮቹ እያለቁ ነው» በማለት እንደነበር አነስ (ረ.ዐ) አውስተዋል። ኢብኑ ዐባስም (ረ.ዐ) የክልከላው ምክንያት የሰዎች ጭነት ተሸካሚዎች እንዳይጠፉ ታስቦ ሊሆን እንደሚችል ጠቁመዋል። ክርስቲያኑ ጎረቤታችንም አህያን አይበላም። በዚህ ጉዳይ የአገራችን ሕዝብ አንድ ቃል ሆኖ መቆሙ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ቄራውን ተቃውመን ስናበቃ በዱላ የምንገድለው ከሆነ፣ ያስጣልነው ከማን ነው?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ነጋዴ ወንድሜ! ጭነቱን መዝን። ኩንታሉ ለሁለት ይከፈል፤ ዛሬ የቀነስከው ነገ በረከት ሆኖ ይመለስልሃል። የጀርባውን መደላድል በየሳምንቱ እያየህ አድስ። ቁስል ያለበትን ቁስሉ እስኪሽር አትጫነው። የሠራተኛህን ጅራፍ «እኔ አልመታሁም» ብለህ አትለፈው፤ እንስሳው ያንተ ነው፤ ጥያቄውም ያንተ ነው።

የመስጊድ ኮሚቴዎች ሆይ! በገበያ አጠገብ ባሉ መስጊዶች በር ላይ ጥላና የውኃ ገንዳ ማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለተጠማ ውሻ ውኃ ቀድቶ በማጠጣቱ የተማረለትን ሰው ታሪክ በሚንበር ላይ ስንሰማ ኖረናል። እስቲ አንድ ጊዜ ገንዳ ሠርተን እናሳየው።

ኡስታዞችና ዱዓቶች! ስለ እንስሳት ሐቅ በዓመት አንዲት ኹጥባ እንኳ አትነፈግ። የጭነት ሠራተኞች ከእናንተ አፍ ከሰሙት ከማንም ይልቅ ይቀበሉታል።

ወላጆች! ልጆቻችሁ በአህያ ላይ ድንጋይ ሲወረውሩ «ተዉት» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ወደ እሱ ወስዳችሁ አንገቱን ያሳኩት። ዛሬ አህያን መዳበስ የተማረ እጅ ነገ ሚስቱን፣ ሠራተኛውንና ጎረቤቱን አይመታም፤ ኢንሻአላህ።

ጥሎት የሄደ አህያ በሰፈራችሁ ካለ ደግሞ፣ ጥላ፣ ውኃ፣ ጓደኛና ጊዜ ስጡት። ከሁሉ በላይ ጊዜ! እምነቱን በአንድ ቀን አትጠይቁት። እምነት የወሰደው ሰው ነውና፣ ተራምዶ መመለስ የሰው ድርሻ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) እጆቻችንን ፍጡራን የሚሸሹት ሳይሆን የሚጠጉት ያድርግልን። በማይናገሩት ላይ የሠራነውን በተውበት የምናብስበት ዕድሜና ልብ ይስጠን። አሚን።